ከአዳራሹ እስከ ቼክ ፊርማው፦ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪዎች ሥልጠና ምንድን ነው?

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ። ብዙም ሳይቆይ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች ዘንድ መድረስ ጀመረ። ደብዳቤው የደረሰው ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጥያቄ ተደቀነበት። ባንክ ያለው ብር የማን ነው? ሠራተኛውን ለስንት ወር ማቆየት ይቻላል? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ቦርዱ?

የሦስቱም መልስ ከዕገዳው በፊት በወረቀት ላይ ሊኖር ይገባ ነበር። የመጀመሪያው ከለጋሹ ጋር በተፈረመው የድጋፍ ስምምነት ውስጥ ይገኛል፤ ሁለተኛው በጥሬ ገንዘብ ፍሰት ዕቅድ፣ ሦስተኛው በመተዳደሪያ ደንብ። የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪ ሠለጠነ የሚባለው እነዚህን ሦስት ወረቀቶች ማዘጋጀት፣ ማንበብና ማስከበር ሲችል ነው። በየቦታው የሚሰጠው ሥልጠና ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ «ራዕይ» እና ስለ «ተነሳሽነት» ነው። ራዕይ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የሐምሌን ደመወዝ ግን አይከፍልም።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ» ማለት ትርፍ አያገኝም ማለት ነው?

አይደለም። ትርፍ ቢያገኝ አይከፋፈለውም ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ብዙ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሥራ ላይ ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሕጋዊ ሥራ እንዲሰማሩ ይፈቅዳል። ገቢው ለድርጅቱ ዓላማ ይዋል፣ ለአባላት አይከፋፈል ነው የሚለው። ስለዚህ ዓመቱን በ0 ብር መዝጋት የጽድቅ ምልክት አይደለም። መጠባበቂያ የሌለው ድርጅት አንድ ለጋሽ ሲዘገይበት አብሮ ይወድቃል።

ከንግድ ድርጅት መሪ ሥልጠና የሚለየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዳቦ ቤት ውስጥ የሚከፍለውና የሚበላው አንድ ሰው ነው፤ ዳቦው ከከፋ ደንበኛው አይመለስም፣ ባለቤቱም በሳምንት ውስጥ ያውቀዋል። በጎ አድራጎት ላይ የሚከፍለው አንዱ፣ የሚገለገለው ሌላው ነው። ለጋሹ ብራስልስ ወይም ስቶክሆልም ይቀመጣል፤ ተገልጋይዋ ደግሞ ወረባቦ ወይም ቦረና። አገልግሎቱ ቢበላሽ ገንዘቡ ወዲያው አይቆምም፤ አገልግሎቱ ቢያምርም ገንዘቡ ሊቆም ይችላል። የሚያስጠነቅቅ ገበያ በሌለበት መሪው ማስጠንቀቂያውን ራሱ መሥራት አለበት። ሪፖርቱ፣ የቅሬታ ሳጥኑ፣ ኦዲቱ፣ የቦርድ ስብሰባው ሁሉ ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት።

«መሪ» የሚባለው ማን ነው?

ብዙ ሰው መሪ ሲባል ሥራ አስኪያጁን ብቻ ያስባል። ቦርዱ ግን ከእሱ በላይ ነው። በአዋጁ መሠረት በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከ5 ያላነሱና ከ13 ያልበለጡ የቦርድ አባላት ይኖሩታል፤ የአንድ አባል የሥራ ዘመን ከ5 ዓመት አይበልጥም፣ ከሁለት ዙር በላይም ማገልገል አይቻልም። በማኅበር መልክ የተቋቋመ ከሆነ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእድሩ ዳኛ ይሰበስባል፣ ይወስናል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ገንዘብ ያዡ ይቀበላል፣ ይከፍላል። ገንዘብ ያዡ ራሱ መዝግቦ፣ ራሱ ፈቅዶ፣ ራሱ ቢከፍል ሰፈሩ ዝም አይልም። ይህንኑ ነው የሂሳብ ሰዎች «የሥራ ክፍፍል ቁጥጥር» የሚሉት። አስገራሚው ነገር፣ በእድራቸው ይህን ጠንቅቀው የሚያስከብሩ ሰዎች የድርጅት ቦርድ ላይ ሲቀመጡ ሥራ አስኪያጁ ያቀረበውን ሁሉ በጭብጨባ ማሳለፋቸው ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሐፍረት ይመስለኛል፤ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሠንጠረዡ አይገባም፣ መጠየቅ ደግሞ አለማወቅን መግለጥ ነው።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ የሚያስተዳድር ቦርድ። ሊቀመንበሩ መኪና ይመድባል፣ የጽዳት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ለ2,000 ብር ግዢ ፊርማው ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ቦርድ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ተላላኪ ይሆናል፤ ጥፋት ሲገኝ ግን ተጠያቂው እሱ ነው። ሥልጠናው የሚያሰምረው መስመር ይህ ነው፤ ቦርዱ «ምን» እና «እስከ ስንት» ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ «እንዴት» ይላል። መስመሩ በቃል አይሰመርም። የሥልጣን ውክልና ሠንጠረዥ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጃል። እስከ 20,000 ብር የፕሮግራም ኃላፊው፣ እስከ 200,000 ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ በላይ ቦርዱ ይፈቅዳል ሊል ይችላል፤ ቁጥሩ እንደ ድርጅቱ ነው፣ ሠንጠረዡ ግን ከሁሉም አይቀርም።

ስለ ገንዘብ ምን ይማራሉ?

ከሥልጠናው ትልቁን ጊዜ መውሰድ ያለበት ይህ ነው፤ ድርጅቶች የሚዘጉት በዓላማ እጦት ሳይሆን በዚህ በኩል ነውና።

የመጀመሪያው ትምህርት ብር ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ለጋሽ «ለዚህ ሥራ ብቻ» ብሎ የሰጠው ብር የታሰረ ገንዘብ ይባላል፤ ድርጅቱ በፈለገው ላይ ሊያውለው የሚችለው፣ ለምሳሌ የአባላት መዋጮ፣ ያልታሰረ ነው። አደራ ብሎ ጎረቤት ያስቀመጠው ብር ቤት ውስጥ ስላለ የቤቱ አይሆንም። የባንክ ሂሳቡ 3 ሚሊዮን ብር ያሳይ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ 2.9 ሚሊዮኑ የታሰረ ከሆነ ድርጅቱ ያለው 100,000 ብር ነው። ይህን የማያይ መሪ ሀብታም መስሎ እያደረ ይከስራል።

ሁለተኛው ጥሬ ገንዘብ ፍሰት ነው። በጀትና ፍሰት ይለያያሉ፤ በጀት ስንት እንደሚወጣ ይናገራል፣ ፍሰት ብሩ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ። በምሳሌ እንየው። አንድ ለጋሽ በየሩብ ዓመቱ 1,200,000 ብር ሊልክ ተስማማ፤ ቀጣዩን የሚልከው ያለፈው ሪፖርት ሲጸድቅ ነው። የወሩ ወጪ 380,000 ብር ነው። በሦስት ወር 1,140,000 ብር ወጣ፣ 60,000 ብር ተረፈ። በጀቱ ላይ ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን ሪፖርቱን ለማዘጋጀት 15 ቀን፣ ለጋሹ ለማየት 30 ቀን፣ ገንዘቡ በባንክ በኩል ለመግባት አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ በድምሩ 52 ቀን። አራተኛው ወር ሲያልቅ 320,000 ብር ጎድሎ ይገኛል፤ ደመወዝ ቀን ደግሞ ቀን አይሰጥም።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ጥፋት የሚሠራው። ሥራ አስኪያጁ ከሌላው ለጋሽ ሂሳብ «ለጊዜው» ይበደራል። ሐሳቡ ቀና ነው፣ ሊመልስም አስቧል። ኦዲተሩ ግን ሐሳብ አይመረምርም። «የአንዱ ፕሮጀክት ገንዘብ ለሌላው ውሏል» ብሎ ግኝት ይጽፋል፤ ለጋሹ ወጪውን አልቀበልም ሊል፣ መልሱልኝ ሊልም ይችላል። መፍትሔው ቀላልና አሰልቺ ነው። በየወሩ የሚታደስ የ6 ወር የፍሰት ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በላይኛው መስመር መነሻ ቀሪ፣ ከሥሩ በየወሩ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የወሩ ማብቂያ ቀሪ። የማብቂያው መስመር ከ0 በታች የሚወርድበት ወር ከሦስት ወር በፊት ከታየ ከለጋሹ ጋር መደራደር፣ የ15 ቀኑን ሪፖርት በ5 ቀን መጨረስ ወይም ግዢን ማሸጋገር ይቻላል። በዚያው ወር ከታየ የሚቀረው መበደር ነው።

ሦስተኛው የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር። የአሁኑ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋሙ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ መብራትና ውሃ፣ የባንክ አገልግሎትና የመሳሰሉት በአስተዳደር ወጪ ይቆጠራሉ።

«ከገቢ» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ድርጅቱ 6 ሚሊዮን ብር ያገኛል፣ ለአስተዳደር በወር 90,000 ያወጣል እንበል፤ የዓመቱ 1,080,000 ብር ማለትም 18 በመቶ ነው፤ ሕጋዊ ነው። ዓመቱ ሳይጋመስ አንዱ ለጋሽ ቢያቋርጥና ገቢው ወደ 3 ሚሊዮን ቢወርድ፣ ኪራዩ በውል የታሰረ ነው፣ ዘበኛው አለ፣ ሂሳብ ሠራተኛዋም አለች። ያው 1,080,000 ብር አሁን 36 በመቶ ሆነ። አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ሕጉን ተላለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና «ጣሪያው 20 ነው» ብሎ አያልፍም፤ መሪዎቹ ገቢያቸው በግማሽ ቢወርድ በየትኛው ወር ጣሪያውን እንደሚነኩ በራሳቸው ቁጥር እንዲያሰሉ ያደርጋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የአንድ ሥራ ሙሉ ዋጋ ነው። ፕሮፖዛል ሲጻፍ የስልጠና ወረቀቱና የመኪናው ነዳጅ ይገባል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ጊዜና የቢሮው ኪራይ ይረሳል። ከዚያ ድርጅቱ ፕሮጀክት ባገኘ ቁጥር ይደኸያል። ብዙ ለጋሾች ለዚህ የተወሰነ መቶኛ ይፈቅዳሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከመንግሥት ጋር ተደራድረው ያስወሰኑት የራሳቸው መቶኛ ለሌላቸው ድርጅቶች ይህን ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ነው። ያልጠየቀ ግን አያገኝም፤ መጠየቅ እንደሚቻል የማያውቁ ሥራ አስኪያጆች ደግሞ አሉ።

ከሂሳብ ውጭስ?

ሕጉን ማወቅ። ዓመታዊ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት የበጀት ዓመቱ ካበቃ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይቀርባል። ቀላል ይመስላል፤ ኦዲተር ለመቅጠር በሁለተኛው ወር የሚነሣ ድርጅት ግን ቀነ ገደቡን ያልፋል፣ በዚያ ወቅት ኦዲተር ሁሉ ተይዟልና። የኦዲት ውሉ ዓመቱ ሳያልቅ ይፈረማል። ሌላው የሂሳብ ደረጃው ነው፤ በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ማዕቀፍ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚጠቀሙት ዓለም አቀፉን የመንግሥት ዘርፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ነው። ሥራ አስኪያጁ ደረጃዎቹን መሸምደድ የለበትም፤ የሂሳብ ኃላፊዋን «በየትኛው ደረጃ ነው ያዘጋጀሽው?» ብሎ መጠየቅ ግን አለበት።

ሰው ማስተዳደር። ቅጥር፣ ስንብት፣ የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ)፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ ውሉም አብሮ የሚያልቅበት አኳኋን። የተገልጋይ ጥበቃም አለ፤ ዱቄት የሚያከፋፍል ሰው በእጁ ሥልጣን አለ፣ ሥልጣን ባለበት ብልግና ሊኖር ይችላል። የሥነ ምግባር ደንብ ማስፈረም አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ የማትችል እናት ቅሬታዋን በየት በኩል፣ ለማን እንደምታሰማ መንገድ ማበጀት ሌላ። መንገዱ አከፋፋዩን ራሱን አልፎ መሄድ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመሥራቹ ጉዳይ ነው። ድርጅቱን በራሱ ደመወዝ፣ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የጀመረ ሰው ከ15 ዓመት በኋላም የባንክ ፈራሚው እሱ፣ የለጋሹ ወዳጅ እሱ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እሱ ሊሆን ይችላል። ሥልጠና ላይ ይህን በቀጥታ ማንሣት ስድብ ይመስላል፤ ስለዚህ የተካኑ አሠልጣኞች ጥያቄውን ያዞሩታል፦ «ነገ ለ90 ቀን ሆስፒታል ብትገባ ማን ይፈርማል? ሪፖርቱን ማን ይልካል? የለጋሹን ስልክ ማን ያነሣል?» መልሱ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ቦርዱም ያጸድቀዋል። ይህ የመተካካት ዕቅድ ነው፤ ማንም ሳይቀየም ተጀመረ ማለት ነው።

ጥሩ ሥልጠና እንዴት ይካሄዳል?

ከምዘና ይነሣል። የድርጅት አቅም ምዘና የሚባለው መጠይቅ ድርጅቱ ለራሱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ እንዲሰጥ ያደርጋል። ወጥመድ አለው፤ ውጤቱን ለጋሹ የሚያየው ከሆነ ሁሉም ለራሱ 4 ይሰጣል። ስለዚህ ነጥቡ በማስረጃ ይደገፍ፤ «ቦርዳችን በየሩብ ዓመቱ ይሰበሰባል» ላለ ድርጅት አራት ቃለ ጉባኤ ይጠየቅ፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱም ከፊርማው ይታይ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፤ ከሥልጠና በኋላ ራስን የመመዘን ነጥብ ሊወርድ ይችላል። ሰዎቹ ብሰዋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቀድሞ ያላዩትን ጉድለት ማየት ጀምረው ይሆናል።

ቀጥሎ ማን ይምጣ የሚለው ነው። ከአንድ ድርጅት አንድ ሰው መጥራት ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። ብቻውን የሠለጠነ ሥራ አስኪያጅ ሲመለስ ቦርዱ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ይለዋል፣ የሂሳብ ኃላፊዋም የለመደችውን ትቀጥላለች። ሦስቱ አብረው ይምጡ፤ ሥራ አስኪያጅ፣ የቦርድ ሊቀመንበር ወይም ከቦርዱ ሂሳብ የሚከታተለው አባል፣ የሂሳብ ኃላፊ። ስምንት ድርጅት ከሆነ 24 ሰው ነው፤ ከዚያ ከበዛ ሥልጠናው ንግግር ይሆናል።

አምስት ቀን በተከታታይ ከመስጠት ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል። ሁለት ቀን፣ ከዚያ የስድስት ሳምንት የቤት ሥራ፣ ሁለት ቀን፣ ደግሞ ስድስት ሳምንት፣ በመጨረሻ አንድ ቀን። በመሃሉ አሠልጣኙ ድርጅቱ ድረስ ይሄዳል ወይም ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት በስልክ ያማክራል። የቤት ሥራው ከመጽሐፍ አይወጣም። የመጀመሪያው ዙር ሥራ የራስን የ6 ወር ፍሰት ሠንጠረዥ ሠርቶ ማምጣት፣ የሁለተኛው የሥልጣን ውክልናውን በቦርድ አስጸድቆ ቃለ ጉባኤውን ማምጣት ሊሆን ይችላል። አዳራሹ ውስጥም የሚሠራው በራሳቸው ወረቀት ነው፤ ያለፈው ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ አንድ የድጋፍ ስምምነት፣ ያለፈው ወር የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱ መዝገብና የባንኩ መግለጫ የሚመሳከሩበት ወረቀት)። ወረቀቱን ሳይዝ የመጣ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ የለውም፤ ይህ ራሱ የመጀመሪያው ግኝት ነው።

ቋንቋም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የቦርድ አባሉ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ቄስ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቁጥጥር ጠንቅቆ ያስባል፣ ነገር ግን ሁሉም ስላይድ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠብቃል። ሥልጠናው ቦርዱ ቃለ ጉባኤ በሚይዝበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ፣ መሰጠት አለበት።

የት ላይ ይበላሻል?

በመጀመሪያ አበል ላይ። አበል ሲኖር ሥልጠና ጥቅማ ጥቅም ይሆናል፣ ጥቅማ ጥቅም ደግሞ በተራ ይዳረሳል። «ባለፈው እሱ ሄዷል፣ አሁን ተራው የእሷ ነው» ይባልና የፍሰት ሠንጠረዥ ሥልጠና ላይ የመስክ አስተባባሪዋ ትገኛለች። አበልን ፈጽሞ ማስቀረት ከሩቅ የሚመጡትን ይጎዳል፤ የሚሻለው መጓጓዣና ማደሪያን በቀጥታ መክፈልና የመጨረሻውን ዙር መግቢያ በቤት ሥራው ማሰር ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ሠልጥኖ ይለቃል። አነስተኛ ድርጅት ያሠለጠነውን ሥራ አስኪያጅ ትልቁ ዓለም አቀፍ ድርጅት በሦስት እጥፍ ደመወዝ ይወስደዋል። መከላከያው ሰውየውን ማሰር አይደለም፤ ዕውቀቱን ወረቀት ላይ ማስቀረትና ሦስቱን አብሮ ማሠልጠን ነው። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ችግር በሥልጠና አይፈታም። ሥራ አስኪያጁና ሊቀመንበሩ የማይነጋገሩ ከሆነ አስታራቂ ነው የሚያስፈልገው። የሂሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ደግሞ የሂሳብ ሥልጠና ከሚወስድ ለሳምንት አንድ ቀን የሚሠራ ባለሙያ ቢቀጥር ይሻለዋል።

ሰርተፊኬቱስ ይጠቅማል? ክፍያውስ?

አዋጁ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የተለየ የሥልጠና ሰርተፊኬት አይጠይቅም። ሆኖም ለጋሽ ፊት ክብደት ያላቸው አሉ። ቀድሞ ፒኤምዲ ፕሮ ይባል የነበረው፣ አሁን ፕሮጀክት ዲፕሮ የሚባለው የልማት ፕሮጀክት አስተዳደር ፈተና አንዱ ነው፤ ለሂሳቡ ዘርፍ ኤፍኤምዲ ፕሮ አለ። ሁሜንተም የሚባለው ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ማንጎን ጨምሮ ሦስት ድርጅቶች ተዋህደው የፈጠሩት፣ በድርጅቶች ሂሳብ አያያዝ ላይ የቆየ ስም አለው። ካያ እና ዲዛስተርሬዲ የተባሉት የኢንተርኔት መድረኮች ትምህርቶችን በነጻ ያቀርባሉ። አገር ውስጥ እንደ ክርስቲያን ተራድኦና ልማት ማኅበራት ኅብረት ያሉ ጥምረቶች አባሎቻቸውን ያሠለጥናሉ፤ በ1113/2011 የታሰበው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤት ደግሞ ዘርፉ ራሱን በራሱ በሥነ ምግባር እንዲመራ የተቋቋመ ነው። በኢንተርኔት የሚሰጠው ሕግንና ጽንሰ ሐሳብን ለማወቅ ይበቃል፤ ቦርድን ለማስማማት ግን አይበቃም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ከፕሮፖዛሉ ውስጥ «አቅም ግንባታ» የሚል መስመር ከመጀመሪያው ማስገባት የተለመደው መንገድ ነው። የሥራ አስኪያጁ ሥልጠና በፕሮግራም ወጪ ይያዝ ወይስ በአስተዳደር የሚለውን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ከሂሳብ ኃላፊና ከኦዲተር ጋር ተስማምቶ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ማዛወር የ20 በመቶውን ስሌት ያዛባል፣ ኦዲተርንም ያስጠረጥራል።

በውጭ ላሉ ማኅበሮቻችን ይህ ይመለከታል?

በደንብ። በአሜሪካ 501 ሲ 3፣ ማለትም ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ተብለው የተመዘገቡ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚመሩት ከሥራ መልስ በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። እዚያ መጀመሪያ የሚማሩት ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚላከውን ሪፖርት፣ ፎርም 990ን ነው። ዓመታዊ ገቢያቸው በመደበኛነት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት አጭሩን የኤሌክትሮኒክ ዓይነት ይሞላሉ፤ የበጀት ዓመታቸው ከጥር እስከ ታኅሣሥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልሞላ ከግብር ነጻነቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። የሚሰረዘው ብዙ ጊዜ በማጭበርበር አይደለም፤ የድሮው ጸሐፊ ከተማ ቀይሮ ደብዳቤው በአሮጌ አድራሻ ስለሚቀር ነው። እስራኤል ውስጥ በአሙታ (ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር) የተደራጁ ማኅበራትም የመንግሥት ድጋፍ ለማግኘት በየጊዜው የሚታደስ የመልካም አስተዳደር ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል።

መሥራቱ በምን ይታወቃል?

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው አራት ደረጃ ያለው መመዘኛ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሠልጣኞቹ ወደዱት? ተማሩ? ሥራቸው ላይ ባሕርያቸው ተቀየረ? ድርጅቱ ላይ ውጤት መጣ? በእኛ አገር ያለው ሪፖርት በአብዛኛው ሁለተኛው ላይ ይቆማል፤ «የቅድመ ፈተና አማካይ ይህን ያህል፣ የድኅረ ፈተናው ይህን ያህል» ይልና ከቡድን ፎቶ ጋር ይላካል። ሦስተኛውን መመዘን ግን ውድ አይደለም። ሥልጠናው ባለቀ በ90ኛው ቀን ድርጅቱን አራት ወረቀት መጠየቅ ነው፤ ባለፈው ወር የታደሰ የፍሰት ሠንጠረዥ፣ የጸደቀ የሥልጣን ውክልና፣ ከሥልጠናው በኋላ የተደረገ የቦርድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ያለፈው ወር የባንክ ማስታረቂያ።

ማስታረቂያው ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ ቀኑ፤ ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ ተሠርቷል ወይስ ሦስት ወር ተጠራቅሞ ጠያቂው ሊመጣ ሲል? ሁለተኛ ፊርማው፤ ያዘጋጀው ሰውና ያረጋገጠው ሰው ሁለት ናቸው ወይስ አንድ?